የኬጁኖቹ ድስትና የኦክላንዱ በር

ባለቤቴ ኬጁኖችን ከራሳቸው ከኬጁኖች በላይ አወቀቻቸው። ያን ሰሞን ኦክላንድ አጠገብ አልባኒ ያለው ቤታችን ሙሉ በሙሉ ወደ ሉዊዚያና ተዛውሮ ነበር። ሳሎኑ ረግረግ ሆነ፤ እኔ ሶፋው ላይ ስጋደም አዞ ነበር የምመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክላንድ ያለ አንድ ሙዚየም የደቡብ ሉዊዚያና ሠዓሊ ሥራዎችን ማሳየት ጀምሮ ነበር። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሣለው የአገሩን ሰዎች፣ ኬጁኖችን ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ከካናዳ ተባርረው ረግረግ ዳር ሰፈሩ። አኮርዲዮን ሲሰሙ ዝም ብለው መቆም አይችሉም። ባለቤቴ በሥራ ቀን ዳውንታውን ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስትመረምር ትውላለች። እሑድ ከሰዓት ግን ይህን ኤግዚቢሽን ማስጎብኘት አማራት፤ ያውም በነፃ።

"ሰው እንዴት በነፃ ይሠራል?" አልኳት።

"አንተስ በነፃ አይደል የምታወራው?"

ለማስጎብኘት ፈተና አለው። የአስጎብኚዎቹ ኃላፊ ቆማ እያየች ጎብኚዎችን ይዞ መዞር ነው። በመጀመሪያው ፈተና የተገኘነው እኔና ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት ሶኬት የሚፈልግ አንድ ሰውዬ ነበርን። ሰውዬው ሶኬቱን ሲያገኝ እዚያው ቀረ። እኔም ብቻዬን ብዙ ሰው ለመምሰል ያላደረግሁት ጥረት የለም፤ አልሆነም። ኃላፊዋ፣ "ቡድን ስትመሪ ማየት አለብኝ። አንድ ዕድል ብቻ ነው የቀረሽ" አለቻት።

ያን ቀን ባለቤቴ ቤት ስንደርስ ነው፣ "ሰው አምጣልኝ፣ አምስት ስድስት ሰው። ፓስ ካላደረግሁ ኤግዚቢሽኑ ያለ እኔ ያልቃል" ያለችኝ። ስትለምነኝ አይቻት ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

እኔ ደግሞ አምስት ስድስት ሰው መጥራት አልችልበትም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በማስታወቂያ ሰዓት ተነሥቼ፣ "እኅታችን ፈተና አለባት፤ በጸሎትም በእግርም አግዟት" አልኩ። በተባለው እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ግማሹ ጉባኤ ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ ተገኘ። የአንድ ሰዓት መንገድ ከሆነው ከሳን ሆዜ ሳይቀር መኪና ውስጥ ታጭቀው የመጡ ነበሩ። ያየን ሰው ሙሽሮቹ የት አሉ ነበር የሚለው። አንዲት እናት ለፈታኟ ብለው የመኪና ጎማ የሚያህል ድፎ ዳቦ አምጥተዋል። ጥበቃው ምግብ አይገባም ብሎ በሁለት እጁ አቅፎ ተቀበላቸው።

ባለቤቴ ሕዝቡን አይታ ወደ እኔ ዞረች። "አምስት ስድስት ነበር ያልኩህ።"

"ትርፉ ለመጠባበቂያ ነው።"

የኤግዚቢሽኑ በር ጠባብ ነው። መጀመሪያ የደረሱት በንጉሡ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ፕሮፌሰር ናቸው። ደፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ዳቦ ወዳመጡት እናት ዞሩ።

"እትዬ፣ ይለፉ።"

"ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ?"

"በፍጹም። እናት ትቀድማለች።"

"እኔ ምኔ ሞኝ ነው እርስዎን የምቀድመው? ቆሜ እጠብቃለሁ።"

"እኔም እቆማለሁ።"

ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ካልገቡ ጎልማሶቹ አይገቡም፤ ጎልማሶቹ ካልገቡ ወጣቶቹ እንዴት ብለው? ከኋላ ያለው ደግሞ ከጎኑ ያለውን "ቅደም" ይላል። ሰልፉ ወደ ኋላ ረዘመ፤ ትንሽ ቢቆይ ሳን ሆዜ ይደርስ ነበር።

ኃላፊዋ ረጅም ሸበቶ ሴት ናት። ሰዓቷን አየችና ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ "ተቃውሞ ነው?" አለችኝ። ኦክላንድ ውስጥ በር የዘጋ ሕዝብ ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ይኸው ነው።

"አይ፣ እየተከባበሩ ነው።"

"እስከ ስንት ሰዓት?"

እኛ ስንከባበር እራት የቀዘቀዘበትን ቤት ሁሉ ብቆጥርላት ሙዚየሙ ይዘጋል።

ባለቤቴ ውስጥ ሆና፣ የሸመደደችውን የመግቢያ ንግግር በአፏ ይዛ ቆማ ነበር። ሥዕሎቹ ላይ ስላሉት ዛፎች አረንጓዴ ቀለም ነበር የምትጀምረው። ድንገት ተወችውና ወደ በሩ መጣች። የፕሮፌሰሩን ክንድ በቀኝ፣ የእትዬን በግራ ያዘች።

"በሞቴ" አለች።

በቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለ መሐላ አይወደድም። ቢሆንም በሞቴ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። "ሞትሽን ምን አመጣው፣ ልጄ" አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ሁለቱም እኩል፣ ትከሻቸው የበሩን ግራና ቀኝ እየፋቀ ገቡ። ከዚያ ጎርፉ ተለቀቀ።

ዛፎቹን ሁሉ አሳልፋ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሥዕል ወሰደቻቸው። ሥዕሉ ላይ ከእንጨት ቤት ፊት ለፊት ትልቅ ድስት እሳት ላይ ተጥዷል። አንድ ደንዳና ሰው የሞላ ሳህን ወደ አንድ ከሲታ እንግዳ ይገፋል፤ እንግዳው መዳፉን ወደ ፊት አንሥቷል።

"ይሄ እንግዳ ምን እያለ ነው?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

"በቃኝ እያለ ነው" አሉ ፕሮፌሰሩ። "አልበቃውም ግን።"

"ሁለተኛ ሲጨመርለት ነው" አሉ እትዬ በአማርኛ። "በመጀመሪያውማ ማን እጁን እንዲህ ያነሣል?"

"ጋባዡ ለምን ይገፋዋል ታዲያ?" አለች ባለቤቴ፤ የእትዬን እየተረጎመች፣ ወዲያው ሌላውን እየጠየቀች።

"ሚስቱን ፈርቶ ነዋ" አለ አንድ ጎልማሳ ከኋላ። "እንግዳው ሳይጠግብ ከሄደ ወዮለት። ይችትና በመስኮት ታየዋለች።"

ሁላችንም ወደ መስኮቱ አየን። እውነትም በጨለማው ውስጥ የሴት ፊት አለ፤ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋለች። የኬጁኖች ሊቅ የሆነችው ባለቤቴም አላየቻትም ነበር። ሳቀችና፣ "እኔ ራሴ አሁን ገና አየኋት" ብላ ለሁሉም ተናገረች።

ኃላፊዋ ሰው እየገፋች አፍንጫዋ ሸራውን እስኪነካ ድረስ ተጠጋች። "በየቀኑ እዚህ ጋ አልፋለሁ" አለች። "እጁን ያነሣው ሰላም ለማለት ይመስለኝ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ሕዝቡን ማን ያስቁመው? ባለቤቴ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየወሰደች ትጠይቃለች፣ እነሱ ይከራከራሉ፣ እሷ ታስታርቃለች። ጥግ ላይ አኮርዲዮን የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ጨፈሩ አልልም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የፕሮፌሰሩ ትከሻ ራሳቸውን ሳያማክር አንድ ሁለቴ ተነቃነቀ።

መጨረሻ ላይ ኃላፊዋ የባለቤቴን እጅ ጨበጠች። "ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ጉብኝቱ ያንቺ ነው" አለቻት። እትዬ ትርጉም ሳይጠብቁ እልል አሉ።

ባለቤቴ ማታውን የአስጎብኚ ባጇን ደረቷ ላይ ሰክታ ሽንኩርት ከተፈች።

"የሚመጣው እሑድ አንተ አትመጣም" አለችኝ።

"ሰውስ ማን ያመጣልሻል?"

"ሰው ራሱ ይመጣል።"

እውነቷን ነው፤ ይመጣል። አሁን እሑድ ከሰዓት ቤት የምቀረው እኔ ነኝ። ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ የዛሬዎቹ ጎብኚዎች ስለዚያ ከሲታ እንግዳ ምን እንዳሉ ትነግረኛለች። እኔም እሱ በልቶ እስኪጠግብ ድረስ እራቴን እጠብቃለሁ።