ያቃጠለኝ ክሬም

ዛሬ ልጄ ፊቷን ነጭ በነጭ አድርጋ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ፣ የክሬሙ ሽታ ያንን የድሮውን መሰለኝና ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ጅቡቲ ሰው ቤት ተቀጥሬ ገና መግባቴ ነው። ከማዕከላዊ ገበያ ምንም ያልተጻፈበት ዕቃ ውስጥ የተበጠበጠ፣ ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ገዝቼ ሳምንት ሙሉ ተቀባሁ። ሲያቃጥለኝ እየሠራልኝ መስሎኝ ጨመርኩበት። በዚያ ፀሐይ ጉንጬ እንደ ሽንኩርት ሲላጥ፣ የቤቱ ወጥ ሠሪ እትዬ ዘነበች አገጬን ይዘው አዩኝና ክሬሙን አስመጡኝ።

«ምን አለበት ይሄ?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ግን ያቃጥላል፣ ጥሩ ነው።»

«በርበሬም ያቃጥላል! እሱንም ትቀቢዋለሽ? ምን እንደገባበት የማታውቂውን ወጥ አትበዪም፤ ፊትሽ ከሆድሽ ያንሳል?»

እየሳቁ ነው የተናገሩት፤ ወዲያው ግን ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ አጠቡልኝ።

ዛሬ «ምን አለበት? አንብቢልኝ!» ብዬ ልጄ ላይ ጮህኩ። ዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ፈረንሳይኛ ነው፤ እኔ አላነበውም። ደንግጣ ከጀርባው አነበበችልኝ፤ ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ የሺአ ቅቤ፣ ሽቶ።

«የሚያቀላ ነገር የለውም?»

«ኧረ እማ፣ ማለስለሻ ነው!»

እፎይ ብዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። «እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት። እየሳቀችብኝ እንደ ዳዊት ደገመችልኝ።