የአው ሙኽታር መሐለቆች

አው ሙኽታርን ያወቅኳቸው ገና ሳልዳር ነው። ግድግዳችን አንድ ስለነበር እሳቸው ሲያስነጥሱ እኛ ቤት «ይርሐሙከላህ» ይባላል። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ከሁሉም ዳር ነበር የሚቀመጡት። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ከቀሚሳቸው ላይ የክር ቁራጭ የማይጠፋ ሰው። ሚስታቸው ነጃሃን ወልዳ ብዙም በሕይወት አልቆየች። ለምን ሌላ እንዳላገቡ ሲጠየቁ፣ «የለካሁትን ሁሉ ላግባ እንዴ?» ይሉ ነበር።

ከአባታቸው የወረሱት አንድ ነገር ነበራቸው፤ የመሐለቅ ጥቅል። ከተማችንን ይገዙ በነበሩት አሚሮች ዘመን እዚሁ ጀጎል ውስጥ የተመቱ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሱ ትንንሽ ሳንቲሞች ናቸው። ጥቂት ጠገራ ብርም አብሮ ነበር። ልብስ ሰፊ አይደሉ? በረጅም ጨርቅ ላይ ለእያንዳንዱ የራሱን ኪስ ሰፍተውለታል። የቱ የየትኛው አሚር እንደሆነ ጨርቁ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ተራቸውን አባታቸው በቃል አስጠንተዋቸዋል፤ መሐለቆቹ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ደግሞ በጣት ይለያል። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳ ያን ጨርቅ ነደባ የምንለው መደብ ላይ ዘርግተው፣ እየዳሰሱ፣ «ይሄ አባትየው፣ ይሄ ልጁ፣ ይሄኛው ወንድሙን ያሳሰረው» እያሉ ለነጃሃ ሲነግሯት በግድግዳው እሰማ ነበር። ከአባታቸው የተቀበሉት አደራ አንድ ነው፦ እንዳይበተኑ። ከሳቸው ቀጥሎ ተረካቢዋ ነጃሃ ነበረች።

አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ በየዓመቱ እየመጣ ሊገዛቸው ይለምናል።

«አው ሙኽታር፣ ጣሪያዎ እኮ ያፈሳል።»

«ክረምት ክረምት ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ካልሸጡልኝም አደራ እንዳያጥቧቸው። ጥቁረታቸው ነው ዕድሜያቸው።»

«ልጄ፣ እኔ ራሴ ለጁምዓ ካልሆነ መች እታጠባለሁ?»

ነጃሃ ልትዳር ሆነ። እሷ እንደ ሙሽራ ወግ እስከ ሠርጉ አክስቷ ቤት ተከተተች። አው ሙኽታር የሠርጉን ልብስ ለመጨረስ ሱቅ ይውላሉ፤ ቤቱን የአፎቻችን ሴቶች ያዝነው፤ አፎቻ በሠርግም በሐዘንም የምንደራረስበት ማኅበር ነው። ሠርግ ሲደርስ ከግድግዳ የማይወርድ ዕቃ የለም። ሳህኑም፣ ትሪውም፣ ሞሰቡም ወርዶ ይጸዳል፣ ነደባው በቀይ አፈር ይቀባል። የዚያን ቀን ምራቴ ታማብኝ ዘግይቼ ደረስኩ። የአፎቻችን ሰብሳቢ፣ አይ ዘኪያ የምንላት፣ ግቢው መሃል ቁጭ ብላ በሎሚና በአሸዋ አንድ ነገር ትፈትጋለች። የመሐለቆቹ ጨርቅ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ኪሶቹ ባዶ ናቸው።

«ዘኪያ፣ ምንድነው የያዝሽው?» አልኳት።

«ከሳህኖቹ ኋላ ያገኘነው ነው። እንዲህ ጠቁሮ ይቀመጣል? ሴት የሌለበት ቤት እኮ ያስታውቃል።»

«እሳቸውን ጠይቃችኋል?»

«እድፍ ላስለቅቅ ብዬ ወንድ ላስፈቅድ? ይልቅ ነይና እዪ፣ ወርቅ ነው የመሰለው።»

እውነቷን ነው፣ ወርቅ መስሏል። ትሪ ላይ ተከምሮ ያብለጨልጫል። ጽሑፍ ግን የለበትም፤ ልሙጥ ነው፣ እንደ ልብስ ቁልፍ።

ወደ ማታ አው ሙኽታር መጡ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ አይ ዘኪያም ትሪውን እጃቸው ላይ አኖረችላቸው። አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው አሹትና መለሱት። ሌላ አነሱ። ከሥር ጎርጉረው ደግሞ ሌላ አወጡ። ያንንም ዳስሰው መለሱት።

«ምነው፣ አልወደዱትም?» አለች ዘኪያ።

«እጃችሁ ይባረክ» አሉ። «ደከማችሁ።»

ምን ይበሉ? ሴቶቹ ጉልበታቸውን የጨረሱት ለሳቸው ልጅ ነው። አፎቻ ያስቀየመ ሰው ሲሞት ቤቱ ማን ይደርሳል?

ከሠርጉ በኋላ ነጋዴው መጣ። ትሪውን አንዴ አየና ተቀመጠ። «ጠገራዎቹን በሚዛን ልውሰድልዎ» አላቸው። «ትንንሾቹን ግን ልጆች ይጫወቱባቸው።» አው ሙኽታር ሻይ አጠጥተው ሸኙት።

የአፎቻው ተራ እሳቸው ቤት የዋለ ዕለት ትሪውን ይዘው ወጡና ለሴቶቹ በየተራ አደሉን፤ ጠገራም የደረሳት አለች። «የነጃሃ ሠርግ መታሰቢያ ነው» አሉ። ተመረቁ። «እኚህ ሰው እኮ እጃቸው ስስት አያውቅም» አለች ዘኪያ።

ነጃሃ የሰማችው ዘግይታ ነው። እያለቀሰች መጣች።

«አባዬ፣ አደራ አይደል እንዴ? እንዴት በገዛ እጅህ ትበትናቸዋለህ?»

«ማን ማን እንደሆነ ሳላውቅ ምን ብዬ ላስረክብሽ?»

«በጣትህ ታውቃቸው አልነበር?»

«ጣቴማ ይኸው አለ። እነሱ ናቸው የሌሉት።»

ከዚያ ወዲህ ስለ አሚሮቹ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። መሐለቆቹም የትም ተበተኑ። አንዷ በስታ ለልጇ አንገት አደረገችው፣ አንዷ ጠገራዋን አስቀልጣ ቀለበት አሠራች፣ የዘኪያን የልጅ ልጇ ቦይ ውስጥ ጣለው። የኔ ግን ሣጥኔ ውስጥ አለ። አልፎ አልፎ አውጥቼ እዳስሰዋለሁ፤ ምንም አይነግረኝም።

አው ሙኽታር ሲሞቱ አፎቻው አንድ ሰው ሳይቀር መጣ። ሴቶቹ ምግብ ሠሩ፣ ውሃ ቀዱ፣ ቤቱን ጠረጉ። ዘኪያ ነጃሃ አጠገብ ተቀምጣ፣ «አባትሽ ሀብታቸውን በደስታቸው ቀን ነው ያካፈሉን፣ አላህ ጀነት ይስጣቸው» አለቻት። ሴቶቹ ሁሉ «አሚን» አሉ። ነጃሃ ቀና ብላ አየቻት። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት አይቻለሁ። ከዚያ «አሚን» አለችና የሚበላ ልታቀርብላቸው ተነሣች።