ሐሜተኛዋን ስቱኮ ሞሏት

ወንድሜን በፋሲካ ማግስት፣ በአባታችን ሳሎን፣ በሚስቱና በልጆቹ ፊት «ደደብ» ብዬዋለሁ። ድምፄ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል። ንዴቴ ዛሬም አልበረደም፤ የምጽፈውም ሳይበርድልኝ ነው። አሮጌ ነገር ባየ ቁጥር እጁን የሚበላው ሰው ያናድደኛል። የተላጠ ሁሉ መቀባት፣ የጎደጎደ ሁሉ መደፈን አለበት ያለው ማነው? አዳማ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሞልቷል፤ አንዱ የእናቴ ልጅ ነው።

አባታችን በወጣትነቱ ቆቃ ላይ ጀልባ ይነዳ ነበር። ግድቡ ጋ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉንና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ትቶለት ሄደ። ሣጥኑ ውስጥ ሦስት የእንጨት ዓሣዎች አሉ፤ ጣት የሚያህሉ፣ ሆዳቸው ላይ መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው። እንደ ሌላው ማጥመጃ አይሰምጡም። ውኃው ላይ ተንሳፍፈው በክር ሲጎተቱ የቆሰለ ዓሣ ወይም የደነበረች እንቁራሪት ይመስላሉ፤ ትልቁ ዓሣ ይህን ሲያይ ከሥር ተወርውሮ ይወጣና ይነክሳቸዋል። የተሠሩት ባስ ለሚባል ዓሣ ነው። ባስ ቆቃ ውስጥ የለም፤ አባቴ ግን ምን ገዶት! ግማሽ ዕድሜውን አምባዛና ቢልጫ የሚባሉትን የሐይቁን ዓሣዎች ሲያወጣባቸው ኖሯል። «ባስ መሆንን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» ይላል።

ከሦስቱ አብልጦ የሚወዳት አንዷን ነው። ፊቷ እንደ ሲኒ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ክሩን ነጠቅ ሲያደርጉት ያ ጎድጓዳ አፏ ውኃውን ይመታና «ቧ!» ይላል። ትንሽ ዝም፤ ከዚያ እንደገና «ቧ!»። አባቴ «ሐሜተኛዋ» ይላታል፤ አፏን በከፈተች ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማት ይመጣል እያለ። ቀለሟ ተልጦ እንጨቷ ወጥቷል፤ ሆዷን መንጠቆው ራሱ እየፋቀ ቦይ አውጥቶበታል። ጎኗ ላይ ያለው ቀዳዳ የአዞ ጥርስ ነው ይላል። እኔ ድንጋይ ነው ባይ ነኝ። በዚህ ስንከራከር አድገናል፤ ማለቴ እኔ አድጌያለሁ፣ እሱ አርጅቷል።

ከጥቂት ዓመት በፊት ግላኮማ ዓይኑን ወሰደው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም ብሎታል። ቡሽ አንሳፍፎ፣ ቡሹ ሲሰምጥ እያዩ ማጥመድ ለእሱ አበቃ። ሐሜተኛዋን ግን ይሰማታል። ይወረውራል፣ ነጠቅ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያዘነብላል። ምን ያህል እንደራቀች፣ እምቦጩ ሥር ገብታ እንደሆነ፣ ንፋሱ ወዴት እንደወሰዳት በድምጿ ይለያል። ሐይቁ ለአባቴ ማለት ያ ድምፅ ነው። ሌላ የቀረው የለም። እኔ የሽንኩርት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ከዓመት በላይ አልወሰድኩትም ነበር፤ ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንወርዳለን ብዬ ቃል ገብቼለት ቀን ይቆጥር ነበር።

ታናሽ ወንድሜ የተጋጨ መኪና ቦዲ የሚያቀና ጋራዥ አለው። ቅዳሜ የሥራ ቀኑ ስለሆነ አንድም ቀን አብሮን ቆቃ ወርዶ አያውቅም። በፋሲካ ማግስት፣ ከአባታችን ቤት ወስዶት የነበረውን የቆርቆሮ ሣጥን በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ከፈትኩት። ሦስቱም ሰማያዊ ሆነዋል፤ ለአንድ ሚኒባስ ከተበጠበጠ ቀለም የተረፈ ሰማያዊ። እንደ ከረሜላ ያብረቀርቃሉ። የአዞው ጥርስ ጠፍቷል። ሐሜተኛዋን አነሳኋትና ፊቷን አየሁ።

«አፏስ?»

«የቱ አፍ?»

«እዚህ ጋ የነበረው ጉድጓድ!»

«እ፣ እሱማ ጎድጉዶ ነበር እኮ። ስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩት። ምን ያህል እንዳለፋኝ ብነግርህ!»

የእንጨት ዓሣዋን እንደተገጨ የመኪና ፓራፋንጎ አቅንቷታል። ያኔ ነው ስድቡ ከአፌ የወጣው፤ ከእሱ በኋላም ብዙ ወጥቷል። መሣሪያና ጭረት አትለይም ወይ፣ የአባትህንም ፊት ጎድጉዷል ብለህ ስቱኮ ትሞላዋለህ ወይ አልኩት። ልጆቹ መብላታቸውን አቆሙ። ወንድሜ «ደውዬልህ ነበር እኮ…» ብሎ ጀመረ። «ዝም በል!» አልኩት።

አባቴ እጁን ዘረጋና ሐሜተኛዋን ተቀበለኝ። አውራ ጣቱን ከጅራቷ ጀምሮ በሆዷ በኩል ወሰደው። ፊቷ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ፣ ደግሞ ቆመ።

«ተባረክ ልጄ» አለው ወንድሜን። «አምሮባታል።»

ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ አበገነኝ። በማያይ ዓይኑ አምሮባታል አለ!

ሳምንቱን በንዴት ጨረስኩት። ወለንጪቲ አወራሁት፣ መቂ አወራሁት፤ የሽንኩርት ደላሎች ሳይቀሩ የወንድሜን ደደብነት በቃላቸው ያዙ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ይዤ ቆቃ ወረድኩ። ወንድሜ ጋራዡን ዘግቶ በራሱ ፒክአፕ ተከትሎን መጣ። ማንም አልጠራውም። ከመኪናው እንዳትወርድ አልኩት፤ አልወረደም።

ዳር ላይ መረባቸውን የሚያራግፉ ዓሣ አስጋሪዎች ነበሩ። አንዱ እጄ ላይ ያለውን አየና «አካም! ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ባጃጅ ነው?» አለኝ። አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አባቴ ወረወረ። ክንዱ አሁንም የጀልበኛ ክንድ ነው፤ ሩቅ ሄደችለት። ነጠቅ አደረገ። ምንም። ስቱኮው ከብዷት አፍንጫዋን ውኃ ውስጥ ቀብራ እንደ እንጨት ተጎተተች። ደግሞ ነጠቅ አደረገ። ጆሮውን አዘነበለ። ሦስተኛ ጊዜ ከሞከረ በኋላ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«የት ነች?» አለኝ።

ከታወረ ወዲህ ይህን ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ሲመልስልኝ የኖረው እሱ ነበር። ክሩን ሰብስቤ፣ ቢላዬን አውጥቼ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስቱኮውን መፈርፈር ጀመርኩ። አባቴ አጠገቤ ተቀመጠና ጣቱን ፊቷ ላይ አሳረፈ። «ትንሽ ወደ ታች… እንጨቱን እንዳትነካው… እዚህ ጋ ከንፈሯ ነው» እያለ መራኝ። ሰማያዊው ፍርፋሪ ሱሪዬ ላይ ረገፈ። ግማሹን እንዳወጣሁ ትዕግሥት አጣና ተቀበለኝ፤ ወረወረ፤ ነጠቅ አደረገ።

«ቧ።»

ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነበር፤ ግን ድምፅ ነበር። አባቴ አገጩን ቀና አድርጎ አዳመጣት። እኔ ግን «አየህ ያ ደደብ ያደረገውን?» ብዬ ስድቤን ከተውኩበት ቀጠልኩ።

«ተው እንግዲህ» አለኝ። «የደወለልህ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የተኛሁ መስሎት ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎት ነበር።»

ያን ቀን መቂ ሽንኩርት እያስጫንኩ ነበር። ወንድሜ «የአባዬን ዓሣዎች ላድሳቸው አስቤያለሁ፤ የምታውቃቸው አንተ ነህ፤ ምኑን ልንካ፣ ምኑን ልተው?» አለኝ። የመለስኩለትን አልረሳሁትም፤ ሳምንቱን ሙሉ የጮህኩት ራሴ እንዳልሰማው ነው። «አሮጌ እንጨት ነው፤ እንደፈለግክ አድርገው፤ ከፈለግክም ማገዶ አድርገው» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

«ከእኔ ጋር ሐይቁን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ» አለ አባቴ፣ ክሩን ቀስ እያለ እየሰበሰበ። «አንተ እንጨት ነው ካልክ፣ በቃ እንጨት ነው፣ ይቀቡት ብዬ ተውኩ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ተነስቼ ወደ ፒክአፑ ሄድኩ። ወንድሜ መስኮቱን እስከ ታች ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ሐይቁ አስግጎ ተቀምጧል። አፌን ከመክፈቴ በፊት «ሰማት?» አለኝ።

«ሰማት» አልኩት። ከዚያም በስልክ ያልኩትን፣ ሳሎን ውስጥ በሰው ፊት ማመን የነበረብኝን፣ አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ለእኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ?» አለ። «የደወልኩት እኔ አይደለሁ? ያልሰሙት ሚስቴና ልጆቼ ናቸው።»