አንደኛ ውድቀት

እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኮንኮርድ ከተማ፣ የልጅ ልጄን የአሜሪካኖች ፉትቦል ልምምድ ለማየት በተቀመጥኩ ቁጥር፣ የታጨደው እርጥብ ሣር ሽታ ወደ ሳን ሆዜ ይመልሰኛል።

እዚያ ኮሌጅ የገባሁበት ዓመት ነው። የኮሌጃችን የፉትቦል ቡድን ሲሸነፍ ከርሟል። እኔም የኬሚስትሪ ፈተና ወድቄ፣ ስኮላርሺፑን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። ጋሽ መኮንን እየጎተቱ ስታዲየም ወሰዱኝ። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ፣ በስተርጅና ለዶክትሬት የመጡ ሰው ናቸው። ስለ አሜሪካኖች ፉትቦል እሳቸውም እኔም የምናውቀው ቅንጣት አልነበረም።

የእኛ ቡድን ልጅ ኳሷን እንዳቀፈ ሲሮጥ ግዙፎቹ ተጋጣሚዎች ተከመሩበት። ድምፅ ማጉያው "ፈርስት ዳውን!" አለ። ሕዝቡ በጭብጨባ ቀለጠ።

"ምን አለ?" አሉኝ ጋሽ መኮንን።

"አንደኛ ውድቀት መሰለኝ፣ ጋሼ።"

"ወድቆ ነው እንዴ የሚጨበጨብለት?"

ፊት ለፊታችን የተቀመጠውን ሰውዬ ትከሻውን ነካ አድርገው ጠየቁት። ቡድኑ ኳሷን ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ፣ አራት "ዳውን" እንዳለው በጣቶቹ አሳያቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

"ሰማህ? እዚህ አገር አራት ጊዜ መውደቅ ይፈቀዳል። አንተ ገና አንደኛህ ነው። በል ብላ!" ብለው ኦቾሎኒያቸውን መዳፌ ላይ ገለበጡልኝ።

በላሁ። ያን ቀንም ተሸነፍን።

አሁን የልጅ ልጄ ሣሩ ላይ ተዘርሯል። ልምምዱን ሊያዩ የመጡት ወላጆች ሁሉ እንደተቀመጡ እኔ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ።

"አባባ፣ አይ ፌል!" ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸብኝ፣ መውደቁን ያላየሁ መስሎት።

"አየሁ እኮ" አልኩት፤ "ገና አንደኛህ ነው።"