የዶክተሩ ኪኒንና የኮሶዬ ይሉኝታ

ጎንደር፣ ላቦራቶሪ የተቀጠርሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ባዶ ቆርቆሮ ማጠብ ነበር። ቆርቆሮው በምን እንደሚሞላ ሲነገረኝ ወደ እናቴ ቤት ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ማዕረጌ «ረዳት ድሬሰር» ይባላል፤ ሠፈርተኛው ያወጣልኝ ስም ግን እዚህ አይጻፍም።

አለቃዬ ዶክተር ዓለሙ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ እኩያዬ ስለሆነ አንቱታውን እዚህ አስቀርቼበታለሁ። ያን ጊዜ አዲስ የኮሶ ትል ኪኒን ይሞክር ነበር። ኪኒኑ ከሠራ በጠቅላይ ግዛቱ ሁሉ ይታደላል፤ እሱም ለበለጠ ትምህርት እንደገና ባሕር ይሻገራል።

ከጎንደር በላይ ደጋ ላይ ያለው መንደር ኮሶዬ ወጥተን ኪኒኑንና ባዶ ቆርቆሮዎቹን ለገበሬዎች አደልን። በማግስቱ ቆርቆሮዎቹን ሰብስቤ ጎንደር አመጣሁና ያለውን ዓይነ ምድር ሁሉ በወንፊት አጠብሁ። የሁሉም ትል እስከነራሱ ወጥቷል። ዶክተሩ ከደስታው ብዛት እጄን ጨበጠኝ፤ እጄ ምን ውስጥ እንደዋለ ረስቶ።

ወንፊቱን ሳራግፍ ቀይ ፍርፋሪ አየሁ። የኮሶ አበባ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ጠርቼ ሳሳየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሌላ ማን አይቷል?»

«እኔና ወንፊቱ።»

ወንፊቱን ትኩር ብሎ አየው። ፍርፋሪውን ደፍቶ እንዳይተወው ፈራሁለት። እሱ ግን «ሾፌሩን ጥራው፤ ኮሶዬ እንመለሳለን» አለ።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ተሰማ ነበሩ። ዶክተሩ ኮሶ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«አዎ፣ ሁላችንም ጠጣን።»

«ምነው አያ? ኪኒን ሰጥቻችሁ የለም እንዴ?»

«ሸጋ ልጅ ነህና መድኃኒትህ እንቢ ቢል አለቆችህ ፊት እንዳታፍር ብለን ነው።»

ሾፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ማኪናው ሥር ገባ።

የፋሲካው ጥሬ ሥጋ ትሉን እስኪመልስ ጠብቀን ሙከራውን ደገምነው። ዶክተሩ ኮሶ እንዳይጠጡ ለመናቸው፤ ምክንያቱንም አስረዳቸው። በዚህኛው ትሉ ንቅንቅ አላለም። «ኪኒኑ አይሠራም፤ የፊተኛው ውጤት የኮሶው ነው» ብሎ አዲስ አበባ ላከ። ባሕር የተሻገረው ሌላ ሰው ሆነ። በጣም አዘንሁለት።

አያ ተሰማ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

«ምነው ልጄ! እኛ ሸፍነንልህ አንተ ራስህን ታዋርዳለህ?»

«አያ፣ ኮሶ የማይበቅልበት የቆላ ሰው ኪኒኔን አምኖ ሲውጥ ማን ይሸፍንለታል?»



ለላቦራቶሪ ባልደረቦቼ የምለው ይኸው ነው። በሽተኛው ሌላ ምን እንደወሰደ ጠይቁ። የሰማችሁትን፣ የማይጠቅማችሁም ቢሆን፣ ጻፉ። እጅ ከመጨባበጣችሁ በፊት ደግሞ ታጠቡ።