የስድስተኛው ቅጽ ጭረቶች

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ የሚያውቀው «ሜትር» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ሲሰፋ መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም፤ በገዛ ሠርጉ ቀን እንኳ ከከረቫቱ ጎን አንጠልጥሎት እንደነበር ፎቶግራፉ ምስክር ነው። ባለቤቱ ያንን ፎቶ ለእንግዳ ባሳየች ቁጥር ጣቷን እዚያው ላይ ታሳርፍና፣ «እኔንም ያገባኝ ለክቶኝ ነው» ትላለች።

የእሱ ሱቅና የእኔ ሱቅ ግድግዳ ይጋራሉ። እኔ መጽሐፍ አከራያለሁ፤ በተለይ ማንጋ፣ ያንን ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበውን የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ። ዝነኞቹን ማንጋዎች ማንም ያከራያል። የእኔ ሱቅ የሚታወቀው ማንም ስማቸውን ባልሰማቸው ነው። በየመደርደሪያው ላይ አንድ አንድ ደብተር በሲባጎ አንጠልጥያለሁ፤ አንባቢ መጽሐፉን ሲመልስ የተሰማውን እዚያ ላይ ይጽፋል። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ግን የእጅ ጽሑፋቸውን ስለማውቅ ማን እንደተሳደበ ሳይነግሩኝ እለያለሁ። ወር ሲያልቅ ደብተሮቹን አነባለሁ፤ ብዙ የተወገዘው ተከታታይ ወደ ካርቶን ይገባል፣ በቦታው አዲስ ይተካል። ቦታ ጠባብ ነው፤ ምን ላድርግ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ወንድሜ ሸሚዙን ሊቆልፍ ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ ቀላል ስትሮክ ነው አለ። «ቀላል» ያለው ከምን ጋር አወዳድሮ እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው። አንደበቱ በሳምንቱ ተመለሰ፣ እግሩም በወሩ። እጁ ግን ማንኪያ ከመያዝ አላለፈም። መቀስ በጭራሽ አይሞከርም።

ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ስፌቱን ለሌላ ሰጥቶ መቀጠል አይችልም ወይ ያለኝ አለ። ልብስ ሰፊነት ግን መቁረጥ ነው። የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የሚነዳ ሠራተኛ ይገኛል፤ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በጠመኔ ሁለት መስመር አስምሮ፣ ያለ ፍርሃት መቀሱን የሚያስገባ ግን አንድ ሰው ነው፤ ሱቁም ማለት ያ ሰው ነው። ስድስት ወር እጁን ሲያሸት፣ የላስቲክ ኳስ ሲጨብጥ፣ ሲያወዛውዝ ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የመቁረጫ ጠረጴዛውን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለሚሰፋ አንድ ሰው እንደሚሰጥ ነገረን። ሰውየው ቅዳሜ ጭነት መኪና ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛው ራሱ ያስላገው፣ አራት ሜትር የሚሆን፣ ጠርዙ በሆዱ ልክ የተላጠ ነው። እሱ ከወጣ ሜትር ወደ ሥራ እንደማይመለስ እኔም አውቄያለሁ፣ ሚስቱም አውቃለች፣ ከሁላችንም በላይ እሱ አውቋል።

በዚያ ሳምንት ታዲያ የገዛ ሱቁ ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ሰኞ ጠዋት እኔ ጋ መጥቶ በር ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ደንበኛ በገባ ቁጥር የወንድሜን ፊት አይቶ ሊወጣ ይደርሳል። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብዬ፣ በእድሜው ማንጋ ነክቶ የማያውቀውን ሰው፣ ልጥለው ካዘጋጀሁት ካርቶን አናት ላይ አንዱን አንስቼ ሰጠሁት።

«ይሄ የልጅ ነገር አይደለም?» አለኝ።

ሥዕሉን ብቻ እይ አልኩት።

የተከታታዩ ርዕስ «የውሃ ልክ» ይባላል፣ ዘጠኝ ቅጽ ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወንዝ ዳር ባለች ጎጆ ይኖራል፤ በየማለዳው ወንዙ ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ምሰሶ አይቶ የውሃውን ከፍታ መዝግቦ ወደ ከተማ ይልካል። በቃ። ይህ ነው ታሪኩ። ደብተሩ ላይ አንዲት አዋላጅ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ሦስተኛው ቅጽ ላይ ውሃው ሁለት ጣት ከፍ አለ። ቤተሰቤን ቀስቅሼ ልነግራቸው ምንም አልቀረኝ።» አንድ የባንክ ሠራተኛ ደግሞ፦ «ሰውየው ወንዝ ዳር እየኖረ አንድም ቀን ዓሣ አያጠምድም። ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?» ከሥሩ ሌላ እጅ፦ «ጤነኛ ያልሆንከው አንተ ነህ።» እስከ አምስተኛው ቅጽ ድረስ ደብተሩ እንዲህ በፍቅር የሚጣላ ሕዝብ ነበር።

ከስድስተኛው ጀምሮ ግን ስድብ ብቻ ነው። ሥዕሉ ተበላሸ፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሠዓሊው ሰንፎ ለሌላ ሰው በጥድፊያ አሠራው። ረጅሙን የጻፈው ራጁ ነው፤ ራጁ የምንለው በቅርባችን ባለው ክሊኒክ ራጅ የሚያነሣውን ጎልማሳ ነው፤ በእኔ ደብተሮች ላይ ከማንም በላይ የሚሟገት እሱ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ ካወገዘ በኋላ «እንኳን ወንዙ፣ የሰውየው ጎጆም የፈረሰች ይመስላል፤ ይብቃ፣ ይጣል» ብሎ ፈርሟል። እኔም አምኜው ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የገባውም ለዚያ ነው።

ወንድሜ አምስቱን ቅጽ በሁለት ቀን ተኩል ጨረሰ። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ የጀግናውን ኮት እያሳየኝ፣ ትከሻው ላይ እጅጌው እንዴት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ነው የሣለው አለኝ። ረቡዕ ከሰዓት ስድስተኛውን ገለጠ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመ። ወደ ብርሃን ወጣ። ተመልሶ አምስተኛውን አነሣና ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘ፤ ማለቴ አንዱን በግራ እጁ ያዘ፣ ሌላውን በደካማው እጁ ደረቱ ላይ ደገፈው። ከዚያ ደብተሩን አምጪ አለኝ፤ እያንዳንዷን ስድብ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«ይሄ ራጅ የምትሉት ሰው መቼ ነው የሚመጣው?» አለ።

ሐሙስ ከሥራ መልስ መጣ። ወንድሜ ሁለቱን ቅጽ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ሲጠብቀው ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ደንበኛ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በሚጠብቅበት አኳኋን። ጥላ ለማጥቆር የሚሠሩትን ቀጫጭን ጭረቶች አሳየው። እስከ አምስተኛው ቅጽ ጭረቱ ሁሉ ከላይ ከቀኝ ተነሥቶ ወደ ታች ወደ ግራ ይጋደላል። በስድስተኛው ሁሉም ተገላብጠው ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። ከእንግዲህ ይህን ሳላይ መጽሐፍ መክፈት የምችል አይመስለኝም። ያን ያህል ጊዜ ዓይናችን ሥር ነበር።

ራጁ ብዙም አልተደነቀ። ይህ እኮ የእኔ ሙያ ነው አለ፤ ፊልም ተገልብጦ ሲሰቀል ቀኝ ሳንባ ግራ ይሆናል፤ ስንት ጊዜ ጤነኛውን ጎን አሞታል ሲባል አይቻለሁ። የወንዙ ሥዕል ሙሉ ገጽ ነው፣ ማተሚያ ቤት ገልብጦ አትሞታል፣ ስንፍናቸው በዚያም ይታያል አለ።

ወንድሜ ሣቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«አንተ ራጅ፣ ኮቱን እየው» አለው። «የወንድ ልብስ ግራው በቀኙ ላይ ነው የሚደረበው። የሴት ተቃራኒው ነው። ገጹ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ሰውየው የሚስቱን ኮት ለብሶ ወንዝ ዳር ይቆም ነበር።»

ራጁ ጎንበስ አለ። የገዛ ሸሚዙን ተመለከተ። የኔን ባለ ቁልፍ ሹራብ ተመለከተ። እንደገና ኮቱን አየ፤ ግራው በቀኙ ላይ ተደርቧል፣ የደረት ኪሱም በግራ ነው። ሌላ ገጽ ገለጠ፣ ሌላም። ሁሉም ቦታ ኮቱ በትክክል ተቆልፏል፤ ጭረቱ ብቻ ነው የተገላበጠው።

«እና ገጹ ካልተገለበጠ ምኑ ነው የተገለበጠው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እጁ» አለ ወንድሜ።

እዚህ ላይ መጻፌን ትቼ ትንሽ ተነሥቼ ተመላለስኩ፤ አሁንም ስጽፈው ያንን ሰዓት ያለሁበት ያህል ይሰማኛል። ሌላ ሰው አልሣለውም። ኮቱ ያው ነው፣ እጅጌው ትከሻው ላይ የገባበት መንገድ ያው ነው፤ ይህንን ሌላ ሰው ሊሰርቀው አይችልም አለ ወንድሜ፣ የእኔን ቆረጣ ሌላው ልብስ ሰፊ ሊሰርቀው እንደማይችለው። ያው ሰው ነው። ቀኝ እጁ አንድ ነገር ሆኗል፤ በግራው ከሀ ጀምሯል።

ራጁ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ እያነሣ የመጨረሻውን ገጽ ማየት ጀመረ። ምን እየፈለገ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የታተሙበትን ጊዜ ነበር። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው በየስድስት ወሩ ይወጣ ነበር። በአምስተኛውና በስድስተኛው መካከል ሦስት ዓመት አለ።

ከዚያ ዘጠኙንም ባንኮኒው ላይ ደረደርናቸው፤ ያን ቀን የመጣ ደንበኛ ሁሉ ቆሞ ጠበቀን። ስድስተኛው ላይ ወንዙ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ከሩቅ ነው የሚታየው፣ እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው፤ ጣት መሣል ስላልቻለ ነው፣ እኛ ግን ስንፍና ብለን ጽፈንበታል። ሰባተኛው ላይ መስመሩ ጥቂት ነው፤ የማያስፈልገውን ጭረት ሁሉ ትቶታል። ስምንተኛው ላይ አንድ እጅ ከኪስ ይወጣል። አንድ ብቻ፣ እርሳስ ይዞ፣ አውራ ጣቱ ትንሽ ወፍራም ሆኖ። ዘጠነኛው ላይ ውሃው ሲሞላ የሚያሳዩ አሥራ አራት ገጾች አሉ፤ ቃል የለባቸውም፤ እኔ ስንት ዓመት ሥዕል ሳገላብጥ ስኖር እንደዚያ ያለ ውሃ አላየሁም። በቀኝ እጁ ሲሥል እንኳ እንዲህ አልሣለም። ይህን ሁሉ ሲሠራ ደግሞ በየትኛውም ቅጽ ጀርባ ላይ ታምሜ ነበር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ የሚል አንዲት ቃል የለችም። አንባቢ ሲሰድበው ዝም ብሎ ቀጣዩን ገጽ ሠራ።

ወንድሜ ብዕሩን በግራ እጁ ያዘና ደብተሩ ላይ ጻፈ። አራት መስመር ግማሽ ሰዓት ፈጀበት፤ ፊደሎቹ ወንበር እንደጎደላቸው እንግዶች እዚህም እዚያም ቆመዋል። ያለው ይህን ነው፦ «ከስድስተኛው ጀምሮ ሥዕሉ አልተበላሸም። ሰውየው እንደገና መማሩ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መጽሐፉ አይጣል።» ራጁ የራሱን ገጽ ሊቀድ እጁን ሲሰድ ከለከልኩት። ይኑር፤ ነገ የሚመጣ አንባቢም እኛ የተሳሳትነውን ስሕተት ይይ። ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ እንዲጨምር ፈቀድኩለት። «አፈርኩ» ብሎ ጻፈ።

ዓርብ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ የመቀስ ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ምራቴ፣ የወንድሜ ሚስት፣ በሩ ላይ ቆማ በምልክት ዝም በይ አለችኝ። አሮጌ አንሶላ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ወንድሜ በግራ እጁ የቀኝ እጅ መቀስ ይዟል። የቀኝ መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ ስለቶቹ ይራራቃሉ፣ ጨርቁን ያኝኩታል እንጂ አይቆርጡትም፤ እሱ ግን አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ፣ ከልማዱ ተቃራኒ እየገፋ፣ ስለቱን ከስለቱ ጋር አገናኝቶ ይሄድ ነበር። አንድ ጣት ያህል፣ ቆም፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ቆም። ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ እስከ ምሳ ወሰደበት። ላብ በላብ ሆነ። ሚስቱ አንድም ጊዜ ላግዝህ አላለችውም፤ ይህቺን ሴት ለምን እንዳገባት ያን ቀን ገባኝ።

ቅዳሜ የዩኒፎርሙ ሰውዬ ጭነት መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጨርቅ በሁለት ጣቱ አነሣ። ጠርዙ እባብ እንደሄደበት አፈር ነው።

«ጋሽ ሜትር፣ ይሄንን ማን ነው የቆረጠው?» አለ። «ሥራ ገና የጀመረ ሰው እንኳ እንዲህ አይቆርጥም።»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ፣ ፊቱ በርቶ። «ስድስተኛው ቅጽ ነው። ጠረጴዛው አይወጣም፣ ሦስት ቅጽ ይቀረኛል።»

ሰውየው እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ምራቴን። ምራቴ ወንበር ሰጠችው። ወንድሜ ይቅርታ ጠየቀው፣ ቃሌን አጥፌብሃለሁ አለው፣ የጭነት መኪናውንም ኪራይ እንደሚከፍለው ነገረው። ሰውየው ተናደደ፤ መናደዱም ተገቢ ነው። ቢሆንም ሲወጣ አንደኛውን ቅጽ በእጁ አስያዝኩት።

ይህ ከሆነ አራት ወሩ ነው። ሜትር አሁን ኪስ ይቆርጣል፣ አንገትጌ ግን ገና ነው። ባለፈው ሳምንት ራጁ መጥቶ ሸሚዝ ልለካ፣ ጠማማም ቢሆን ለብሼው ክሊኒክ እገባለሁ አለ። ወንድሜ ከአንገቱ መለኪያውን አውርዶ፣ ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ደረቱን በግራ እጁ ለካና ቁጥሩን ጻፈ። ጨርቁን ግን አላነሣም።

«ከእኔ ሱቅ ጠማማ ለብሶ የወጣ ሰው የለም» አለው። «ዘጠነኛው ላይ ስደርስ እጠራሃለሁ።»

ራጁም እሺ ብሎ፣ ልኩን አስይዞ፣ እየጠበቀ ነው።