ለሻጋታ የተዘራው ማሽላ

የደረሰ ማሽላ ውሃ አይጠጣም። ይህን የወሎ ሕፃን ያውቀዋል፤ የካርቱም ዶክተር ግን አያውቀውም። ጎረቤቴ ሬሕማ እንዲህ ነበር የምትለው፣ በፈረንጆቹ 1999 መከር፣ መርጫውን በጀርባዋ አዝላ ጠዋትና ማታ የበሰለ ዘለላ ላይ ውሃ ስትነፋ።

«ጌታሁን!» ትጮሃለች ከማሳው መሃል። «ይህ ሰውዬ ጤነኛ ነው ግን?»

«ዶክተር ነው፣ እትዬ ሬሕማ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ጤነኛ ነው ወይ ነው ያልኩህ!»

ጌታሁን የማሳው መዝጋቢ ነው፤ የእርሻ ትምህርቱን ግማሽ ላይ ጥሎ በመተማ በኩል የተሰደደ የጎንደር ልጅ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከኒም ዛፏ ጥላ ሥር ከተቀመጠ የሚያስነሳው የለም።

ማሳው ከካርቱም ዳር፣ ከካላክላ ሰፈር ወዲያ፣ ነጭ አባይ ዳር ነው። አሥራ ስምንት ዓይነት ማሽላ፣ እያንዳንዱ ሦስት ቦታ ተዘርቶ፣ በየመደቡ ራስ ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ችካል ቆሟል። ዶክተር ሙስዐብ የሚባለው ሱዳናዊ ተመራማሪ የሚፈልገው የትኛው ዘር ሻጋታን እንደሚችል ማወቅ ነው። ስለዚህ እህሉ ሲደርስ አይታጨድም። የሻጋታ ዘር የተበጠበጠበት ውሃ ይረጭበታል፤ ከዚያ ለሳምንታት እርጥበት አይለየውም። የቻለ ይችላል፣ ያልቻለ ይሻግታል፤ ዶክተሩ መጥቶ ይቆጥራል።

«በሽታ ይዘራሉ!» ትላለች ሬሕማ። «ያረቢ፣ በሽታ የሚዘራ ገበሬ አሳየኸኝ!»

እሷ ይህን አገር የረገጠችው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። የአባቷ ማሽላ ቆሞ ሲደርቅ አይታለች፤ አንዲት ዘለላ ለማግኘት ሦስት ወንዝ ተሻግራለች። ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር የሰው ቤት ዐሥር ዓመት ጠረገች። በመጨረሻ «ግድግዳ ሰለቸኝ» ብላ እዚህ ማሳ መጣች። ማሳውም እጇን አወቀው። ኢቃማዋን፣ ያችን ያለሷ ፖሊስ ፊት የማይታለፍባትን የመኖሪያ ወረቀት፣ በየዓመቱ የሚያሳድስላት ዶክተሩ ነው። እሱ ካባረራት ወረቀቷም አብሮ ይሄዳል።

ወፍ እንድትጠብቅም ታዝዛለች። እህሉን ከወፍ አድኖ ለሻጋታ መስጠት ምን የሚሉት ጥበብ ነው? ጅራፏን እያጮኸች ታንጎራጉር ነበር፤

ወፊት ተመለሺ፣ አትልፊ በከንቱ፣
ለሻጋታ ሆኗል የዘንድሮ ምርቱ።

ይህን ሁሉ እየተነጫነጨችም ቢሆን ትችለው ነበር፣ ሰባት ቁጥር ባትኖር። ሰባት ቁጥር ነጭ ፍሬ ናት፤ አንገቷን ሙሽራ መስላ የደፋች፣ ነፋስ ሲነካት ዝግ ብላ የምትንሾካሾክ። ሬሕማ መጀመሪያ ያየቻት ቀን መርጫውን አስቀምጣ ዘለላዋን በመዳፏ ያዘች። የእናቷን ማሽላ ቁርጥ!

እናቷ ደግሞ «የታመመ ዘለላ አይቶ ያለፈ፣ ጎተራውን አሳመመ» ትል ነበር። እጅ የለመደውን አይረሳም። አንድ ጠዋት በሰባት ቁጥር ላይ ሮዝ መልክ ያለው ሻጋታ አየች። ዙሪያዋን ቃኘች። ተክሉን ከሥሩ ነቀለችው፤ ዘለላውን ቦይ ዳር ቀበረች፣ አገዳውን ለሰፈሩ ፍየሎች ጣለች። በነጋታው ሁለት። ከዚያ አምስት። ቁጥር ማንበብ አትችልም፤ ዘለላ ግን ታነባለች፤ ሰባት ቁጥር የተዘራችባቸውን ሦስቱንም መደብ ለየብቻ አገኘቻቸው።

ጌታሁን ክፍተቱን ከሩቅ ሲያይ ተነጫነጨ። «እነዚህ ፍየሎች ደግሞ!» ደብተሩ ላይም «ፍየል» ብሎ ጻፈ። ከጥላው ግን አልተነሳም።

የቆጠራው ቀን ዶክተር ሙስዐብ መነጽሩን እየጠረገ ከመደብ መደብ ዞረ። ሌላው ሁሉ ጠቁሯል፣ ነጥቷል፣ ተበላሽቷል። ሰባት ቁጥር ላይ ሲደርስ ቆመ። ሁለተኛዋን አየ፤ ሦስተኛዋን አየ።

«ወላሂ!» አለ። «ሦስቱም ንጹሕ! ጌታሁን፣ አገኘናት! በሚቀጥለው ዓመት ለገበሬ ትታደላለች።»

ሬሕማ ደስታው ተጋባባት። «አላልኩም? የእናቴ ማሽላ እኮ ናት!»

«ምርቃትሽ ነው፣ እትዬ» አለ ጌታሁን እየሳቀ። «ሻጋታው እኮ ለዓይን የሚያስጠላው ብቻ አይደለም። ውስጡ መርዝ ይተዋል። ታጥቦም፣ ተቀቅሎም አይለቅም። ልጅ ዛሬ ይበላዋል፣ ጉበቱ ከዓመታት በኋላ ይታመማል። የሚችል ዘር መፈለጋችን ለዚሁ ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ስትሰድቢን ነው የከረምሽው!»

ሬሕማ ቦዩን አየች። ከዚያ ነጩን ችካል አየች። የዶክተሩ መኪና ሞተር ተነስቷል፤ ዝም ብትል ወረቀቷ ይታደስላታል፣ የእናቷ ማሽላም በየገበሬው ደጅ ትቆማለች። በየገበሬው ልጅ ሆድም ትገባለች።

«ያ ዱክቱር!» ብላ መኪናው ፊት ቆመች። «ውረድ። የምታየው አለ።»

በእጇ የቦዩን ዳር ማሰች። የበሰበሰ ዘለላ ከጭቃው ወጣ፤ አንድ፣ ዐሥር፣ ሃምሳ። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሰባት ቁጥር» አለች።

ዶክተሩ ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ። «ዓመቱ ሄደ! ዓመት ሙሉ! ሬሕማ፣ ምን በደልኩሽ?»

«አንተ ምን በደልከኝ? እህል ስታስበሰብሰኝ ከረምክ!»

«ጌታሁን! ፍየል ብለህ አይደል የጻፍከው?»

ጌታሁን ደብተሩን ደረቱ ላይ አጣበቀ። «ከሩቅ… ፍየል ይመስል ነበር።»

«ኸላስ! በቃ!» አለ ዶክተሩ። በሩን ዘግቶ ሄደ።

ለዐሥራ ሁለት ቀን ሬሕማ ከካላክላ ጓሯችን አልወጣችም። ፖሊስ በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ወረቀቷን ከጡቷ አውጥታ ቀኑን እንዳነብላት ትሰጠኝ ነበር። በዐሥራ ሦስተኛው ጌታሁን መጣ፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። «ነይ ተብለሻል፤ ወረቀትሽም ይታደሳል። ሌላ ጠባቂ ቀጥረው ለዘር የተተወውን እህል ወፍ ግማሹን በላው። ግን ገመዱን ተሻግረሽ ወደ ውስጥ አንዲት እግር አታስገቢም።»

በሚቀጥለው መከር ማሳው ዙሪያውን ገመድ ተወጠረበት። ሬሕማ ጅራፏን ይዛ ከውጭ ቆመች። ሰባት ቁጥር እንደገና አንገቷን ደፋች፤ እንደገናም ሮዙ ሻጋታ ወጣባት። ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ ብሶ።

«ወይ አንቺ!» ትላታለች ከገመዱ ወዲህ ሆና። «ትንሽ እንኳ ቻይው እንጂ! አታሳፍሪኝ!» እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ትዞራለች፤ ትመለሳለች፤ ትቆጣታለች።

በቆጠራው ቀን ጌታሁን ከጥላው ተነስቶ ራሱ ከዶክተሩ ኋላ ይዞር ነበር። ሦስቱም የሰባት ቁጥር መደቦች ጋ ዶክተሩ አልዘገየም። አንዲት ቃል ጻፈ፣ ችካሎቹን ነቀለ።

«ወደቀች?» አለች ሬሕማ።

«ወደቀች። ዘጠኝ ቁጥር ግን ደህና ነች።»

ዘጠኝ ቁጥርን አየቻት፤ ድንክ፣ ቀይ፣ ምንም የማታምር። ወደ ሰባት ቁጥር ዞረች።

«አሁንስ ልንቀል?»

ዶክተሩ ገመዱን ከፍ አድርጎ ያዘላት። «ያላ፣ ንቀያት።»

ገባች። ከሥር እየነቀለች፣ እየከመረች፣ ሊያግዛት የመጣውን ጌታሁንን በክርኗ እየገፋች አንጎራጎረች፤

ባገሬ መልክ መጥተሽ ስጠብቅሽ ከርሜ፣
ለካስ መርዝ ኖሮ ያዘልሽው ለወንድሜ።

ክምሩን ራሷ ክብሪት ጫረችበት።